አጀንዳ ቁጥር አስራ አራት

«ማይኩ እጄ ይግባ እንጂ፣ ከዚያ አዳራሽ ሳያለቅስ የሚወጣ ሰው የለም» አለች ዊኒ። «ያላለቀሰ ካለ ዓይኑ የመስታወት ነው ማለት ነው።»

ጃንዲራ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የእንጨት መጫወቻ ከሳጥን እያወጣች ነበር። ቀና እንኳን አላለችም።

«ከማልቀሳቸው በፊት ያንን ምንጣፍ ዘርጊልኝ።»

ዊኒ ምንጣፉን በእግሯ ገፋ ገፋ አድርጋ ዘረጋችው። በእጇ ንግግሯን ይዛለች፤ ለምንጣፍ የሚተርፍ እጅ የላትም። ንግግሩ መጀመሪያ ስድስት ገጽ ነበር። ለአንድ ተናጋሪ የሚፈቀደው ሁለት ደቂቃ ብቻ መሆኑን ስትሰማ ወደ አንድ ገጽ ተኩል አወረደችው፤ የሰረዘችው መስመር ሁሉ እንደ ጥርስ ነቀላ አሟታል። የቀረው፣ እሷ እንደምትለው፣ ንጹህ ወርቅ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳዋለች። የት ላይ ድምፅ እንደምትቀንስ፣ የት ላይ ዝም ብላ ሰዉን እንደምታይ ታውቃለች። ታናሽ ወንድም የሌላት መሆኑ በጀ እንጂ፣ ሽንቱ ወጥሮት በር ላይ ቆሞ ይሰማት ነበር።

ጊዜው ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ያሉበት ክፍል ሁለቱ በስድስት ዓመታቸው የተዋወቁበት የአንደኛ ክፍል መማሪያ ነው፤ ወንበሮቹ አሁን ከጉልበታቸው አያልፉም። ከኮሪደሩ ማዶ ባለው የስፖርት አዳራሽ የዌልዊክ ነዋሪዎች ለዓመታዊው ጉባኤ እየገቡ ነበር። ዌልዊክ ከንቲባ የላትም። እንደ ሌሎቹ የማሳቹሴትስ ትንንሽ ከተሞች፣ በዓመት አንድ ቀን በመራጭነት የተመዘገበ ነዋሪ ሁሉ ይሰበሰብና፣ በር ላይ የተሰጠውን ብርቱካናማ ካርድ ከፍ እያደረገ ሕግ ያጸድቃል፣ ሕግ ይጥላል። አዳራሹ ውስጥ ያልተገኘ ድምፅ የለውም። ወኪል ልኬያለሁ፣ በስልክ ልናገር ብሎ ነገር አይሠራም።

ዘንድሮ ሃያ ሁለት አጀንዳ ቢኖርም ከተማው የሚጣላው በአንዱ ብቻ ነው። አጀንዳ ቁጥር አስራ አራት። በዌልዊክ ሕግ በአንድ ግቢ አንድ ቤት፣ በአንድ ቤት አንድ ቤተሰብ ነው። አጀንዳው ካለፈ በአንድ ግቢ እስከ አራት ቤተሰብ መኖር ይፈቀዳል። በረዶው ሳይቀልጥ የተጀመረ ጠብ ነው። በየግቢው ሳር ላይ ሰሌዳ ተተክሏል፤ ገሚሱ «ለጎረቤት ቦታ አለን» ይላል፣ ገሚሱ «የዌልዊክ መልክ አይነካ»። የእነ ዊኒ ግቢ ውስጥ ሁለቱም አሉ። የእናቷ ከመግቢያው በስተቀኝ፣ የአባቷ በስተግራ። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንዱ የሌላውን ድምፅ እያጣፋ የኖረ ትዳር ነው።

ለጃንዲራ ግን ነገሩ የሰሌዳ አይደለም። እሷ፣ እናቷና ትንሽ ወንድሟ ኔልቶን ሚል ስትሪት ላይ የተከራዩት ቤት ሊሸጥ ስለሆነ እስከ ሰኔ መጨረሻ ልቀቁ ተብለዋል። ዌልዊክ ውስጥ ሌላ የሚከራይ ቤት የለም፤ ፈልገው ጨርሰዋል። የቀሯቸው ወይዘሮ ኦርድዌይ ናቸው። ወይዘሮ ኦርድዌይ የዊኒ ጎረቤት ሲሆኑ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያን ግዙፍ ቤት ከአንዲት ማየት የተሳናት ድመት ጋር ይኖሩበታል። አሁን ባለው ሕግ ሌላ ቤተሰብ ጣሪያቸው ሥር ማስገባት አይችሉም። አጀንዳው ካለፈ ግን ቤቱን ለአራት ከፍለው፣ ታችኛውን ለራሳቸው ይዘው፣ ከላይ አንዱን ለጃንዲራ እናት እንደሚያከራዩ ቃል ገብተዋል። ካላለፈ ጃንዲራ ከተማውንም ትምህርት ቤቱንም ትለቃለች።

«ስንት ልጅ ነው የሚመጣው?» አለች ዊኒ።

«አስራ አራት። የአስራ አንድ ሰው ልጆች ናቸው።» ጃንዲራ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። «ሁሉም ከእኛ መንገድ ናቸው። አምና አንዳቸውም አልመጡም፤ ልጅ የሚይዝላቸው አልነበረም። በር በር እየዞርኩ ነው የለመንኳቸው። ሚስ ዶሪን ክፍሉን የሰጠችኝ ሁለት ሰው ከተገኘ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ሁለት። አንዷ ከወጣች ይዘጋል።»

«አውቃለሁ፣ ፈርሜያለሁ እኮ።» ፈርማለች፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ሚስ ዶሪን በሩ ላይ በለጠፈችው ወረቀት፣ ከጃንዲራ ጥርት ያለ ስም ሥር፣ የፊልም ተዋናይ አድናቂዎቿን ስታስደስት የምትፈርመውን የመሰለ ጥምዝምዝ። «እና አጀንዳው ሲደርስ ለአስር ደቂቃ ብቻ ሮጥ እላለሁ። አስለቅሻቸው እመለሳለሁ።»

«ዊኒ።»

«ባክሽ ሚስ ዶሪን በየደቂቃው ቆማ አትቆጥረንም።»

«ዊኒ፣ እንዳትሄጂ። ድጋፍ የሚናገር ነፍ ሰው አለ። እዚህ ግን ያለነው ሁለት ነን።»

«እሺ አቦ፣ አልሄድም» አለች ዊኒ። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ግን አልጣለችውም።

ልጆቹ መምጣት ጀመሩ። መጨረሻ ላይ ኔልቶንን በእጇ ይዛ የጃንዲራ እናት ገባች። ሚል ስትሪት በሙሉ ቲያ ፊሎ ነው የሚላት፤ በአገሯ በኬፕ ቨርዴ ቋንቋ አክስቴ እንደማለት ነው። በአረጋውያን ማቆያው የሌሊት ተረኛ ስለነበረች የሥራ ልብሷን አልቀየረችም። የዊኒ አያት እዚያው ማቆያ ውስጥ በቲያ ፊሎ እጅ ነው ያረፉት።

«ትንሽ አትተኚም ነበር?» አለቻት ጃንዲራ።

«ካርዴን አንስቼ እተኛለሁ» አለች ቲያ ፊሎ። ብርቱካናማ ካርዷን እንደ ማራገቢያ ፊቷ ላይ አወዛወዘችው። «ዜግነት ካገኘሁ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ይቺን ነገር አንድ ቀን ይዣት አላውቅም። ታምራለች፣ አይደል?» የዊኒን ጉንጭ ሳመች። «አንቺ ልጅ አምላክ ይባርክሽ። ከጓደኛሽ ጋር ቅዳሜሽን ሰጠሽ።»

ዊኒ ፈገግ አለች። ኪሷ ውስጥ ያለው ወረቀት ትንሽ የሞቀ መሰላት።

ጉባኤው ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ድምፁ በኮሪደሩ ማጉያ ይሰማል። የእሳት አደጋ መኪና ግዢ በአራት ደቂቃ አለፈ። የመቃብር ቦታው አጥር በሁለት ደቂቃ አለፈ። ውሾች በገመድ ይታሰሩ የሚለው ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፤ አንድ ሰውዬ ስለ ውሻው ሲናገር ድምፁ ተቆረጠ። ዊኒ ጆሮዋን ቀስራ፣ የማን ንግግር እንደተሳካ የማን እንደከሸፈ በልቧ ነጥብ ትሰጣለች። ያ የውሻ ሰው ከአስር ስድስት። በዚህ መሃል አንድ ልጅ ሙጫ ላሰ። አንዲት ልጅ የሌላዋን ጫማ አድርጋ አላወልቅም አለች። ኔልቶን ብቻ ጥግ ይዞ፣ ያለ ድምፅ፣ ከእንጨቱ ረጅም ድልድይ ይሠራል።

«አጀንዳ ቁጥር አስራ አራት» አለ ማጉያው።

ጃንዲራ ጭማቂ የተደፋበት ሕፃን አቅፋ ሸሚዙን እየቀየረችለት ነበር። ዊኒ ተነሳች።

«አስር ደቂቃ» አለች። «ከአስር ካለፈ እጄን ቁረጪ።»

ጃንዲራ ሕፃኑን እንዳቀፈች አየቻት። «ዊኒ» አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። ዊኒ ግን በሩን ከፍታ ወጥታለች።

አዳራሹ እስከ ጣሪያው ድረስ ሰው የሞላው መሰላት። መሃል ላይ ሁለት ማይክ ቆሟል፤ አንዱ «ድጋፍ» ሌላው «ተቃውሞ» የሚል ተለጥፎበታል። ሰብሳቢው አቶ ፒዝ ናቸው፤ ቀጭን፣ ጥቁር የአንገት ቢራቢሮ ያሰሩ ሰው። በጉባኤ ሥርዓት የመጣ ቀልድ አያውቁም። አንድ ዓመት በቆጠራ ሰዓት የገዛ ሚስታቸው ሽንት ቤት ሄደው በር ተዘግቶባቸው ውጪ ቀርተዋል፤ አቶ ፒዝ አላስከፈቱላቸውም። ተማሪ በእሳቸው ፈቃድ መናገር ይችላል። ዊኒ ፈቃዱን ከሳምንት በፊት ጠይቃ ይዛለች።

ከድጋፍ ማይክ ኋላ ስድስተኛ ሆና ተሰለፈች።

በተቃውሞ ማይክ መጀመሪያ የተናገረው አባቷ ነው። «እነዚህ ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው» አለ። «እናቴን እስከ መጨረሻዋ ያስታመመቻት ሴት አሁን እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ባለውለታዬ ናት። ነገሩ ስለ ሰው አይደለም። ስለ መኪና ማቆሚያ፣ ስለ ፍሳሽ መስመር፣ ስለ ዛፎቻችን ነው።» ቲያ ፊሎ አራተኛው ረድፍ ላይ ካርዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ታዳምጠዋለች። ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

ከዚያ ወይዘሮ ኦርድዌይ በከዘራ ተደግፈው ወደ ድጋፍ ማይክ መጡ።

«ዛፍ ከሆነ ግቢዬ ውስጥ ስድስት አሉ» አሉ። «ባለፈው ጥር ደረጃው ላይ ወድቄ ሁለት ሰዓት ተጋድሜያለሁ። ከስድስቱ አንዱም መጥቶ አላነሳኝም።»

ሰው ሳቀ፤ አጨበጨበም። ዊኒን ቅናት ቢጤ ጠቅ አደረጋት። ከአስር ዘጠኝ። እንዲህ ካለ ንግግር ቀጥሎ መናገር ደግሞ ኪሳራ ነው። ሰው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ተናጋሪ ነው፤ የዓመቱ የትምህርት ቤት ክርክር ላይ ያሸነፈችው በዚህ ነው። ተራዋ ሊደርስ ሲል ዞር ብላ ከኋላዋ ላለው ሽማግሌ «እርስዎ ይቅደሙ» አለች።

«ምን ዓይነት ጨዋ ልጅ ነሽ» አሏት።

ቀጥሎ አንዲት መምህርት አሳለፈች። ቀጥሎ አንድ ሕፃን ያዘለ አባት። ቀጥሎ ሌላ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አስር ደቂቃውን ካለፈ ቆይቷል። ዊኒ ሰዓቱን አይታዋለች፤ አላየሁም ማለት አትችልም። አንድ ሰው ብቻ ይለፍ አለች ለራሷ፣ ከዚያ እኔ።

በዚህ መሃል ከሚል ስትሪት የመጡት ሴቶች ስልካቸውን እያዩ አንድ በአንድ ብድግ ማለት ጀመሩ። ጎንበስ ብለው፣ ይቅርታ ይቅርታ እያሉ፣ በረድፉ መሃል ወደ በሩ ወጡ። ቲያ ፊሎም ተነሳች። ዊኒ ተናደደች። አሁን፣ ልናገር ስል? ሽንት ቤት የሚኬድበት ሰዓት ነው?

አሁን ከፊቷ ማንም የለም። ወረቀቱን ዘረጋች። ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«አቶ ሰብሳቢ» አለ ከተቃውሞ ማይክ አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ። «ክርክሩ ይዘጋ የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ።»

ዌልዊክ ውስጥ ይህ ዓረፍተ ነገር ከተነገረ ሰው ሁሉ አፉን ይይዛል። ይዘጋ አይዘጋ ተብሎ ወዲያው ድምፅ ይሰጣል፤ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ከተስማማ አለቀ። ውጪ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለጉዟቸው ገንዘብ ሊያሰባስቡ ሆት ዶግ እየጠበሱ ስለነበር ሽታው አዳራሹ ውስጥ ገብቷል። ብርቱካናማው ካርድ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ።

«ክርክሩ ተዘግቷል» አሉ አቶ ፒዝ። ከዚያ ማይኩ ጋ አፏን ከፍታ የቆመችውን ልጅ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «አዝናለሁ የኔ ልጅ። ቦታሽን ያዢ።»

ካርዱ ለድጋፍ ተነሳ፤ ለተቃውሞ ተነሳ። በዓይን አይለይም። «ይቆጠራል» አሉ አቶ ፒዝ። «በሮቹ ይዘጉ። ቆጠራው እስኪያልቅ የሚገባም የሚወጣም የለም።»

ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች በሮቹን ዘግተው ጀርባቸውን ሰጡ።

ቆጣሪዎቹ በየረድፉ እየዞሩ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ዊኒ የግድግዳውን ጥግ ይዛ ቆማ ነበር። ያኔ ነው ያየችው። በበሩ ላይ የመጽሐፍ ስፋት ያላት መስታወት አለች። በዚያች መስታወት ላይ አንድ ብርቱካናማ ካርድ ተለጥፏል። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሦስት በአንድ ላይ፣ እየተጋፉ። ከካርዶቹ በላይ የቲያ ፊሎ ግንባርና ሁለት ዓይኖች ይታያሉ። ተንጠራርታ መሆን አለበት፤ አጭር ሴት ናት። በሩ ሁለቴ ተንኳኳ። የእሳት አደጋ ሠራተኛው ወደ አቶ ፒዝ አየ። አቶ ፒዝ አይሆንም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ድጋፍ ሁለት መቶ ስምንት። ተቃውሞ ሁለት መቶ አስራ አራት።

«አጀንዳው ወድቋል» አሉ አቶ ፒዝ። «በሕጉ መሠረት ከሁለት ዓመት በፊት ተመልሶ አይቀርብም። አጀንዳ ቁጥር አስራ አምስት።»

ዊኒ በመጀመሪያ ያሰበችው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ካርዶቹ አልነበረም። ብናገር ኖሮ ነው ያለችው። ስድስት ሰው ብቻ። ስድስት ሰው እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር አመጣ ነበር። ወደ በሩ ስትሄድ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ሰው እንዲያጽናናት እየጠበቀች ነበር።

ኮሪደሩ ላይ የሚያጽናና ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ወለል ላይ ቁጢጥ ብለው ለልጆቻቸው ጫማ እያደረጉ ነው። ካርዶቹ ካፖርት ኪስ ውስጥ፣ ጥርስ መሃል፣ በአንድ ሕፃን እጅ ላይ ነበሩ፤ ሕፃኑ የእናቱን እያኘከው ነበር። ሚስ ዶሪን በሩ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ገንጥላ ይዛ ጃንዲራ ፊት ቆማለች።

«ጭማቂ ላምጣላችሁ ብዬ ብመጣ አስራ አራት ልጅ ይዘሽ ብቻሽን» ትላታለች። «አንዱ ልጅ ቢታነቅ ምን እሆን ነበር? ወላጆቹን መጥታችሁ ውሰዱ ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረኝም። ሁለተኛዋ ማን ነበረች? ይሄ ፊርማ ነው ሥዕል? አይነበብም።»

ጃንዲራ የኔልቶንን የጫማ ክር እያሰረች ነበር። ቀና ብላ ዊኒን አየቻት። ወደ ክሩ ተመለሰች።

«ብቻዬን ነበርኩ» አለች።

ዊኒ አፏን ልትከፍት ትችል ነበር። ለንግግር ሦስት ሳምንት የተዘጋጀ አፍ ነው። ግን አልከፈተችውም። ጃንዲራ ወንድሟን በእጁ ይዛ በአጠገቧ ስታልፍ «አስራ አንድ» አለች፤ ለዊኒ ይሁን ለራሷ አይታወቅም። ዊኒ ስድስትን ከአስራ አንድ ለመቀነስ ጊዜ አልወሰደባትም።

ከዚያ በኋላ ከተማው አወራ። «የልጆቹን ክፍል የያዘችው ልጅ አቅቷት ነው አሉ» ትላለች የቤተ መጻሕፍቷ ሴት። «ለልጅ እንዲህ ዓይነት ኃላፊነት ይሰጣል?» ይላል የአይስክሬም ቤቱ ሰው። ዊኒ ወረፋ ላይ ሆና ሰምታዋለች። ሰምታ፣ ቸኮሌት የተነሰነሰበት አዝዛ፣ ውጪ ወጥታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው።

ትምህርት ቤት ጃንዲራ አልተጣላቻትም። ብትጣላት ይሻል ነበር። ዊኒ መጣላት ታውቅበታለች፤ ስድብ ትችላለች፣ መታረቅም ትችላለች። ጃንዲራ ግን ጨዋ ሆነችባት። እስክሪብቶ ስትጠይቃት ትሰጣታለች፣ «ምንም አይደል» ትላለች። አውቶቡስ ላይ ከማያውቁት ሰው አጠገብ ሲቀመጡ እንደሚደረገው ቦርሳዋን ወደ ራሷ ታስጠጋለች።

በሰኔ መጀመሪያ ወይዘሮ ኦርድዌይ ቤታቸውን ሸጡ። ደረጃውን ከዚህ በላይ አልችለውም አሉ። የገዛው ሰው ቤቱን ሊያፈርሰው ነው፤ ከስድስቱ ዛፎች አራቱን ቆርጦ፣ ሦስት ጋራዥ ያለው ትልቅ ቤት ይሠራል። ለአንድ ቤተሰብ እስከሆነ ድረስ ሕጉ ምንም አይለውም። የዊኒ አባት መስኮት ላይ ቆሞ መጋዙን ሲያይ ዋለ። ራት ላይ ሹካውን አስቀምጦ፣ «እኔ እንደዚህ እንዲሆን አልነበረም የፈለግኩት» አለ።

«ታዲያ እንዴት እንዲሆን ነበር?» አለችው እናቷ።

አባቷ ሹካውን መልሶ አነሳ። ዊኒም፣ በሌላ ጊዜ ቢሆን አስር ቀልድ የምትወረውር፣ ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

የሰኔ የመጨረሻው ቅዳሜ ዊኒ ሚል ስትሪት ሄደች። በሩ ላይ የተከራዩት የዕቃ መኪና ቆሟል። የሚሄዱት ብሮክተን የሚባል ሌላ ከተማ፣ የቲያ ፊሎ እህት ቤት ነው፤ ሦስት ክፍል ውስጥ ሰባት ሰው። ቲያ ፊሎ ከአረጋውያን ማቆያው ሥራዋን ለቃለች፤ ከዚያ በአውቶቡስ ተመላልሳ የሌሊት ተራ አይሆንላትም።

ዊኒ የመጣችው ዕቃ ለመሸከም ነው ብላ ነው። ቲያ ፊሎ ደረጃው ላይ ካርቶን በፕላስተር እያሸገች አገኘቻት፤ ተነስታ አቀፈቻት።

«የኔ ቆንጆ፣ መጣሽ» አለች። «ያን ቀን ንግግርሽን ሳታሰሚ ቀረሽ አሉኝ። ሰዉ ለሆዱ ቸኩሎ። እንዴት እንዳዘንኩልሽ።» የዊኒን ፀጉር ከግንባሯ ላይ መለሰችላት። «ጃንዲራ ጥሩ ንግግር ነበር ብላኛለች።»

ዊኒ በቲያ ፊሎ ትከሻ ላይ ወደ ቤት ውስጥ አየች። ጃንዲራ ባዶው ሳሎን ውስጥ ሳጥን ይዛ ቆማለች። ሁለት ወር ሙሉ ለእናቷ እንኳን አልተናገረችም። አሁንም ዝም ቢባል ዝም ይባላል። መኪናው ተጭኖ ይሄዳል፤ ቲያ ፊሎ ዊኒን እንደወደደቻት ትሄዳለች። ዊኒ የዚህን ያህል ቀላል መንገድ ፊቷ ተዘርግቶ አይታ አታውቅም።

«ቲያ ፊሎ» አለች። «ሁለተኛዋ ጠባቂ እኔ ነበርኩ።»

«የምኑ?»

«የልጆቹ ክፍል። ሁለት ሆነን ልንጠብቅ ነበር። እኔ ጥያት ወጣሁ።»

ቲያ ፊሎ እጇን ከፀጉሯ ላይ አላነሳችም። ግን እጁ እዚያው ቆመ።

«መቼ ነው የወጣሽው?»

«አጀንዳው ሲጠራ።»

«ለንግግሩ?»

«ለንግግሩ።»

ቲያ ፊሎ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች። ፕላስተሩን ጣቷ ላይ አዞረችው፣ መልሳ አዞረችው። ልጇን ቀና ብላ አየቻት፤ ጃንዲራ መሬት መሬት አየች።

«ያን ዕለት እግሬ አብጦ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጫማ አልገባ ብሎኝ። ግን በዚያች መስታወት ካርዴን ከፍ አድርጌ ነበር። በጣቴ ቆሜ። አንድ ሰው እንኳን ያየናል፣ ይናገርልናል ብዬ።»

«እኔ አይቼሻለሁ» አለች ዊኒ።

ቲያ ፊሎ ራሷን ነቀነቀች። ስድብ አልወጣትም። ተነስታ፣ «ፎጣዎቹ አልታጠፉም» ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ከወጥ ቤት ቧንቧ ሲከፈት ተሰማ፤ ለረጅም ጊዜ ሳይዘጋ ቆየ።

ዊኒና ጃንዲራ ብቻቸውን ቀሩ። በመሃላቸው ግድግዳ ላይ የተደገፈ የሁለት ሰው ፍራሽ አለ። ዊኒ ዝምታውን አልቻለችውም። ዝምታ ሁሌም ሊሞላ የተተወ ቦታ ነው የሚመስላት።

«ጃንዲ፣ ስሚኝ» አለች፤ ድምፅዋ ሳታስበው ትንሽ ወፈረ። «ሁለት ዓመት ብቻ ነው የሚጠበቀው። ከሁለት ዓመት በኋላ አጀንዳው ይመለሳል፤ ያኔ እኔ ራሴ በር በር እዞራለሁ፣ እያንዳንዱን ቤት አንኳኳለሁ፣ እያንዳንዱን ልጅ እይዛለሁ። አቶ ፒዝ ፊት ቆሜ በዚያች መስታወት ያየሁትን እናገራለሁ፤ ያን ጊዜ ይህች ከተማ...»

ጃንዲራ የፍራሹን አንድ ጫፍ አነሳች።

«አፍሽን ዘግተሽ ፍራሽ መሸከም ትችያለሽ?» አለቻት። «ካልቻልሽ ኔልቶንን ልጥራው። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ግን አይለፈልፍም።»